ያልደረቀው ሉክ

አባቴ ታክሲ ውስጥ መስኮት ሲከፈት አይወድም ነበር። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስንወርድ፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ መስታወቱ በትንፋሽ ተሸፍኖ፣ አንዱ ተሳፋሪ ጣት የምታህል ክፍተት ቢከፍት መጀመሪያ የሚሰማው የእሱ ድምፅ ነው። «ወንድሜ፣ ዝጋት እስቲ። ብርድ ይመታናል።» እኔ አጠገቡ ተቀምጬ በሀፍረት ወደ ሌላ አቅጣጫ አያለሁ። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ እንጀራውን ያገኘው አየር በማስገባትና በማስወጣት ነው ብዬ ብናገር ማንም አያምነኝም ነበር።

የሚሠራው ማተሚያ ቤት ነው፤ እዚሁ ጉለሌ፣ ከቤታችን በታክሲ ትንሽ ወረድ ብሎ። ማተሙ የእሱ ሥራ አልነበረም፤ ያ የማሽኒስቱ ድርሻ ነው። አባቴ የሚጠብቀው ከማተሚያው ማሽን ጫፍ ላይ የተገጠመውን ማድረቂያ ነበር። ወረቀቱ ቀለም ተቀብሎ ሲመጣ በማድረቂያው ሥር ያልፋል። ከላይ መብራቶች ያሞቁታል፣ ከጎን ሞቃት አየር ይነፋበታል፣ ከወረቀቱ የሚነሳውን እርጥበትና ትነት ደግሞ አንድ ትልቅ ፋን ስቦ በቱቦ ወደ ውጭ ያወጣዋል። ሙቀቱ ሲያንስ የአንዱ ሉክ ቀለም በላዩ በሚያርፈው ሉክ ጀርባ ላይ ይታተማል። ሲበዛ ደግሞ ወረቀቱ ጫፍና ጫፉ እየተጠቀለለ አልታዘዝ ይላል። ከሁሉ የሚያናድደው ግን ላዩ ቶሎ ደርቆ ሥሩ እርጥብ የቀረው ነው። ሲነኩት የደረቀ ይመስላል፤ ተከምሮ ሲያድር እርስ በርሱ ይጣበቅና የስንት ሰው ልፋት ቆሻሻ ውስጥ ይገባል።

እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝ ሲል እዚያው ገባሁ። መጀመሪያ ወረቀት ማጠፍ ላይ ነበርኩ፤ ኋላ አባቴ ኃላፊውን ለምኖ ከራሱ ጎን አቆመኝ። ቤት ውስጥ ድምፁ የማይሰማ፣ ሰው ሲያለቅስ ማየት የማይችል ሆደ ቡቡ ሰው ነው። ማድረቂያው ጋ ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። አንዷን ቁልፍ ያለ ቦታዋ ብነካ ከዚያ ማዶ ሆኖ ያየኛል።

«መጀመሪያ መውጫውን ክፈቺ» ይለኛል። «ቀጥሎ መግቢያውን። ሙቀቱን መጨረሻ።»

«ለምን?» አልኩት አንድ ቀን።

«እርጥቡ አየር መውጫ ካላገኘ እሱኑ ነዋ መልሰሽ የምታሞቂው። ገላሽን ታጥበሽ በእርጥብ ፎጣ መጥረግ ማለት ነው።»

መድረቁን የሚያውቀው በጣቶቹ ጀርባ ነበር። ከክምሩ መሀል አንድ ሉክ ይስብና ቀለሙ ከበዛበት ቦታ ላይ የአራት ጣቶቹን ጀርባ ያሳርፋል፤ ዝንብ እንኳ እንደዚያ ቀስ ብላ አታርፍም። ከዚያ «ደርቋል» ወይም «ገና ነው» ይላል። ሌላ ቃል አይጨምርም። ቀለሙ ገና በሆነበት ጊዜ እንኳ የእጁ ምልክት ወረቀቱ ላይ ቀርቶ አላየሁም። እኔ ስሞክር ምልክቴ ጎልቶ ይቀራል፤ እሱም «ቀበሌ ሄደሽ የፈረምሽ አስመሰልሽው እኮ» እያለ ይስቅብኛል።

የሥራችን ፈተና ነሐሴ ነው። እንጦጦ ሥር ለሚኖር ሰው ነሐሴን ማስረዳት አያስፈልግም። ጉሙ ከባሕር ዛፉ ላይ ወርዶ አስፋልቱ ድረስ ይመጣል። የታጠበ ካልሲ ገመድ ላይ ሰንብቶ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ወረቀቱም ገና ሳይታተም መጋዘን ውስጥ እርጥበቱን ጠጥቶ ይጠብቀናል። ካላንደር የሚታተመው ደግሞ ልክ በዚህ ወር ነው። በሚያዝያ ፀሐይ ቢያሳትሙት ምን ነበረበት? ደንበኛ ሁሉ አዲስ ዓመት እንደሚመጣ ትዝ የሚለው ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ነው። አባቴም ይህን እያለ ሲነጫነጭ ይውላል። ውስጡን ግን ነሐሴን ይወደው ነበር።

የሚወድበት ምክንያት አለው። እኛ ማተሚያ ቤት የመጀመሪያው የካላንደር ሉክ የማድረቂያው ሰው ነው። ማሽኑ ቀለሙ ተስተካክሎለት ደህና ደህናውን ማውጣት ሲጀምር፣ ማሽኒስቱ የመጀመሪያውን አንስቶ ለእሱ ይሰጠዋል። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ እንዲህ ሆኖ ነው የቆየን። አባቴ ያን ያልተቆረጠ ሉክ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ወደ ቤት ያመጣዋል። አሥራ ሦስቱ ወር በአንድ ገጽ ላይ ተደርድሮ፣ ከበላዩ አንድ የአገር ሥዕል አለው። ከአልጋው ራስጌ እስከ መስኮቱ በተወጠረው ሲባጎ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ይሰቅለውና ራቅ ብሎ ያየዋል። ለሌላው ሰው እንቁጣጣሽ የቄጤማ ሽታ ነው። እኛ ቤት ግን የቀለም ሽታ ነበር፤ ላምባ ላምባ የሚል፣ ከሥሩ ትንሽ የተልባ ዘይት ያለበት። እናቴ በሕይወት ሳለች «ቤቱን ጋራዥ አስመሰልከው» ትለው ነበር፤ በየዓመቱ፣ ያቺኑ ቃል። እሷ ካረፈች በኋላ ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ ሉኩን ሰቅሎ ሲጨርስ እሱ ራሱ «ቤቱን ጋራዥ አስመሰልኩት» ማለት ጀመረ። እኔ የሰማሁ አልመስልም።

ትንፋሹ ማጠር የጀመረው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። መጀመሪያ ዳገቱን ሲወጣ ቆም ቆም ማለት አመጣ። ቀጥሎ ከግቢው በር እስከ ቤት ድረስ ሁለቴ የሚያርፍ ሆነ። ኋላ ተቀምጦም መተንፈስ ሥራ ሆነበት። ሳንባው ተጎድቷል አሉን። ከቀለሙ ትነት ይሁን፣ በልጅነቱ ከጠጣው የቤት ጭስ ይሁን፣ ያከመችው ሐኪምም ለይታ አልነገረችንም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኳትም፤ ያው ትነት አጠገብ ቆሜ ነዋ የምውለው።

በመጨረሻ ሆስፒታሉ ከእንግዲህ ቤቱ ቢሆን ይሻላል ብሎ ሸኘን። ስንወጣ ሐኪሟ እኔን ለብቻዬ ጠርታ አስጠነቀቀችኝ። ጭስ አይጠጋው፣ ሽታ ያለው ነገር አይጠጋው፣ አይብረደው፤ ክፍሉ ግን አየር ያግኝ።

«ይድናል?» አልኳት።

«እንዳይጨነቅ ማድረግ እንችላለን» አለችኝ።

ተሰናብቻት ወጣሁ።

እሱን ለማስታመም ታላቅ እህቱ መጡ። አክስቴ ከላይ፣ እንጦጦ ማርያም አካባቢ ነው የሚኖሩት፤ ቀጠን ያሉ፣ ጠንካራ፣ ሲቀመጡ የማይታዩ ሴት ናቸው። በጣም እወዳቸዋለሁ፤ በመጡ ማግስት ግን በመስኮቱ ተጣላን። እኔ እከፍታለሁ፣ እሳቸው ይዘጋሉ። እኔ «ሐኪሟ አየር ያግኝ ብላለች» እላለሁ፤ እሳቸው «ሐኪሟ እንጦጦ ሥር አድራ ታውቃለች?» ይሉኛል። ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ያቺ አንድ ክፍል ጎረቤቱን ሁሉ ጭና፣ በሩም መስኮቱም ተዘግቶ፣ የሰው ትንፋሽ በመስታወቱ ላይ ውኃ ሆኖ ይወርዳል። አባቴ መሀላቸው አፉን ከፍቶ አየር ይፈልጋል። ሁሉም የመጡት ወደውት ነው፤ ውጡልን አይባል ነገር። ዘመኑን ሙሉ እርጥብ አየር ሲያስወጣ የኖረ ሰው እንዲህ ታፍኖ ሳየው ንዴቴ እንባ ሆኖ ይመጣብኛል።

አንድ ቀን ጠያቂዎቹ ሲወጡ ጎንበስ ብዬ «አባዬ፣ አንተ ንገራቸው እስቲ። መውጫ የሌለው ማድረቂያ ምን ይሆናል?» አልኩት።

«እኔ ወረቀት ነኝ?» አለኝ። «ዝጊው ባክሽ፣ ይበርዳል።»

በአንድ ነገር ግን ሦስታችንም ተስማምተን ነበር፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። በቀለሙ ሽታ ጉዳይ። ከሥራ ስመለስ ልብሴ ቀለሙን ይዞት ይገባል። አንድ ቀን ገና ደፉን ስረግጥ ሳሉ ተነሳበትና ፊቱ ጠቆረ፤ አክስቴ ደግፈው ይዘውት እኔ ውጭ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ጀምሮ መጀመሪያ ኩሽና እገባለሁ። ልብሴን ቀይሬ፣ ፀጉሬን በሻሽ አስሬ፣ እጄን በሎሚ አሽቼ እወጣለሁ። አክስቴ በር ላይ ቆመው ያሸቱኛል፤ «ግቢ» ሲሉኝ ነው የምገባው። ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ የነበረውን የአባቴን አሮጌ ቱታ ሳይቀር አውጥተን በተደጋጋሚ አጠብነው። እሱ አልጋው ላይ ሆኖ ቱታው ሲወጣ በዓይኑ ተከተለው። የቀለም ሽታ የሚባል ነገር ከዚያ ቤት ጠፋ። ደህና አድርገን ሠራን ብዬ ነበር።

ፍልሰታ ሲገባ አባቴ ምግብ ተወ ማለት ይቻላል። አክስቴ ቅዳሴ ውለው ጸበል ይዘው ይመጣሉ፤ እሷን በማንኪያ ያቀምሱታል። ቃል ማውጣት ስለሚያደክመው ንግግሩ ሁሉ አጠረ። እኔ ከሥራ ስገባ ግን አንዲት ነገር ሳይጠይቀኝ አያልፍም።

«ወጣ?»

ካላንደሩን ነው። «ገና ነው» እለዋለሁ፤ ዓይኑን ይከድናል።

በዚያው ሰሞን ካላንደሩ ወጣ። ማሽኒስቱ በአባቴ ጊዜ ከታች ጀምሮ ያደገ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ሉክ በሁለት እጁ ይዞ መጣና «የጋሼ ነው፣ ስጪልኝ» አለኝ። የዘንድሮው ሥዕል የእንጦጦ ጫካ ነው፤ ከጫካው በላይ ሰፊ ሰማይ፣ ሰማዩም ድፍን ሰማያዊ። እንዲህ ያለ ብዙ ቀለም ያረፈበት ነገር በነሐሴ ማድረቅ ራሱን የቻለ መከራ ነው። ተቀብዬው ቆምኩ። ፀጉሬን በሻሽ አስሬ የምገባበት ቤት ይህን እንዴት አድርጌ ይዤ እገባለሁ? አባቴ ደግሞ እሱን እየጠበቀ ነው። የያዘውም ነገር ከዚህ በላይ እንደማያቆየው ልቤ ያውቃል። ሉኩን አንድም ሽታ እስከማይቀርበት ድረስ አድርቄ፣ እሱ ሳይሄድብኝ ልወስድለት ወሰንኩ።

በችኮላ ቢሆን በአንድ ከሰዓት ይደርቅ ነበር። ግን ሙቀቱን ከፍ ካደረጉት ላዩ ይይዝና ሽታው ሥር ይታሰራል፤ ቤት ከገባ በኋላ ቀስ እያለ ይወጣል። ስለዚህ ከማሽኑ ጀርባ ባለችው፣ የራሷ ፋንና ማሞቂያ ባላት ትንሽ ክፍል ለብቻው ሰቀልኩት። መውጫውን ከፈትኩ፣ መግቢያውን ከፈትኩ፣ ሙቀቱን ለብ አደረግኩት። ፋኑ ፊት ለፊት እንዳይመታው ወደ ግድግዳው አዞርኩት፤ አየሩ ዞሮ እንዲደርሰው ነው። ጠዋት ስገባ አሸተዋለሁ። ለምሳ ስወጣ አሸተዋለሁ። የሄደ ይመስልና ዝናቡ ከበድ ሲል እርጥበቱ ተመልሶ ይገባል፤ ሽታውም አብሮ ይነሳል። ማሽኒስቱ እያለፈ ያየኛል፣ ራሱን ይነቀንቃል።

ቤት ስገባ «ወጣ?» ይለኛል። «ገና ነው» ብዬ እዋሸዋለሁ። ይህን ባልኩ ቁጥር «ዛሬ ቢሄድብኝስ?» እላለሁ በልቤ። ጠዋት ጠዋት ከቤት ስወጣ የአክስቴን ፊት አይቼ ነው የምወጣው። እሳቸው ካልተረበሹ እሄዳለሁ፤ ከተረበሹ ደጅ ላይ እዘገያለሁ።

ጾሙ በተፈታ ማግስት ሉኩን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ሳብኩ፤ ምንም የለም። ጠቅልዬ በፌስታል አድርጌ ሮጥኩ። አክስቴ በር ላይ እንደ ልማዳቸው አሸተቱኝ፤ ሉኩንም ዘርግተው ፊቱንም ጀርባውንም አሸተቱት። «ንጹሕ ነው» አሉ፣ ደስ ብሏቸው። ገብተን ሲባጎው ላይ ሰቀልነው። አባቴ ሲያየው ፊቱ በራ። ከስንት ጊዜ በኋላ ከትራሱ ቀና ለማለት ሞከረ። አውርጂልኝ አለ በእጁ። አወረድኩለት። ሁለት እጁን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ወደ አፍንጫው አስጠጋ። መሳብ ስለሚያቅተው ጊዜ ወሰደበት። እንደገና አስጠጋ። ከዚያ አየኝ።

«ይሄ የኛ ነው?»

«የኛ ነው አባዬ። የመጀመሪያው ሉክ ነው።»

«ሽታውስ?»

«አወጣሁልህ» አልኩት ደረቴን ነፍቼ። «ሳል እንዳያስነሳብህ ብዬ። አሁን ምንም የለውም።»

ወረቀቱን ደረቱ ላይ አስቀመጠው።

«እኔ እሱን ነበር እኮ የምጠብቀው» አለ።

እጄ ላይ የቀረውን መቆንጠጫ ቁልቁል አየሁ። አባቴ ያስከፋኝ መስሎት ነው መሰለኝ፣ የጣቶቹን ጀርባ ሰማዩ ላይ አሳርፎ «ደርቋል» አለኝ። «ጎበዝ። በደንብ ደርቋል።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። ዕድሜውን ሙሉ ልብሱ ላይ፣ እጁ ላይ፣ እንጀራው ላይ የነበረውን ሽታ እኛ በሎሚና በሳሙና አጥበን ከቤቱ አስወጥተናል። እኔን ሲያቅፈኝ እንኳ ሎሚ ነበር የምሸተው። ያን ካላንደር ሲጠብቅ የነበረው ወራቱን ለማየት አልነበረም። የትኛውን ወር ሊያይበት?

በማግስቱ ለማሽኒስቱ ነገርኩት። ሥራው ገና አላለቀም፣ ማሽኑ እየሄደ ነው። ምንም ሳይጠይቀኝ ሂጂ አጥፊው አለኝ በአገጩ። የማድረቂያውን ሙቀት አጠፋሁ፤ አንድ ሉክ እንደ እርጥቡ ወጣ። እሱ ቀስ ብሎ አንስቶ ጠፍጣፋ ካርቶን ውስጥ አስተኛልኝ፤ ክዳኑ እንዳይነካው በአራቱም ጥግ እንጨት ጣል አደረግን። «ሰላም በይልኝ» አለኝና ወደ ማሽኑ ተመለሰ። ዓይኑን እየጠረገ ነበር።

ታክሲ ውስጥ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አስተኝቼ በሁለት እጄ ይዣለሁ። ውጭ ዝናብ ነው፣ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ሰው አፍንጫውን መያዝ ጀመረ። ከኋላዬ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ «ምን የሚሉት ሽታ ነው ይኼ?» አሉ።

«ቀለም ነው አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በሽተኛ ጋ ነው የምወስደው።»

«ቀለም ለበሽተኛ?» አሉና አዩኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳነበቡ አላውቅም። «በል አንተ ልጅ፣ መስኮቱን ክፈትላት። ታፍናለች» አሉት አጠገባቸው ያለውን። ታክሲ ውስጥ ሽማግሌ መስኮት ሲያስከፍት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሳቄ መጣ፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝና እስክወርድ ድረስ ወደ ውጭ እያየሁ ሄድኩ።

ኩሽና አልገባሁም። ልብሴንም አልቀየርኩም። አክስቴ ከበሩ ላይ ሆነው ገና ሳልደርስ ሸተታቸው።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«ካላንደር ነው።»

«ትናንት አምጥተሽ የለም?» አሉና ካርቶኑን ገለጥ አድርገው ወደ ኋላ አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልትጨርሺብኝ ነው ወንድሜን?»

«አክስቴ፣ እሱ ነው የፈለገው።»

«እኔ ደግሞ እሱን ነው የምፈልገው» አሉኝ። ካርቶኑን እንደያዝኩ ቆምኩ።

ያን ጊዜ ከውስጥ የአባቴ ድምፅ መጣ። «እትዬ፣ ያስገቧት።»

ገባሁ። ካርቶኑን ከበሩ አጠገብ አስቀመጥኩ። አባቴ ትራስ ተደራርቦለት ተደግፎ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ካርቶኑ ላይ ነው።

«በአንዴ አይሆንም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። አረፈና «መስኮቱን ክፈቺ» አለኝ።

አክስቴ እኔን አዩኝ፤ እኔም እሳቸውን። ይህን ቃል ከእሱ አፍ ማናችንም ሰምተን አናውቅም። ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

«መጀመሪያ መውጫውን» አለ ከኋላዬ።

ተመለስኩ። ከአልጋው ማዶ ያለውን በር ገርበብ አደረግኩት። ቀጥሎ መስኮቱን ጣት በምታህል ከፈትኩ፤ የእንጦጦ አየር፣ እርጥብና ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ የሚል፣ ገባ። ከመስኮቱ ሥር ትንሿን ሂተር አስቀምጬ መጨረሻ ላይ አበራኋት፤ የሚገባው አየር በእሷ ላይ አልፎ ለብ ብሎ እንዲመጣ። አክስቴ መጡና ጋቢውን እስከ አንገቱ ሳቡለት፤ እግሩ ሥር ተቀምጠው ሁለት እግሩን ያዙት።

ሉኩን አወጣሁና ሲባጎው ላይ፣ ከሁሉ ራቅ ብሎ መስኮቱ ጋ ሰቀልኩት። አየሩ በወረቀቱ ላይ አልፎ፣ በእሱ በኩል ሄዶ፣ በበሩ ይወጣል። ቆሜ ደረቱን አያለሁ። ሽታው አልደረሰውም። በዓይኑ ቅረቢ አለኝ። መቆንጠጫዎቹን ትንሽ ወደ እሱ አንሸራተትኩ። በሩን ጥቂት መለስ አደረግኩ፤ አየሩ ዝግ አለ። እንደገና አየሁት። ሥራ ላይ ወረቀት ሳደርቅ እንዲህ ተጠንቅቄ አላውቅም፤ እዚያ ማስወጣት ነው፣ እዚህ ግን በልክ፣ በልክ ማምጣት ነበር የፈለግኩት።

አንዴ አሳለው። ዘልዬ ሉኩን ያዝኩ። እጁን ከጋቢው ሥር አውጥቶ ቆይ አለኝ። አለፈለት። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በአፍንጫው ሳበ፤ አጭር ነው፣ ግን ሳበ። የአፍንጫው ዳርና ዳር ሲንቀሳቀስ አየሁ። እንደገና ሳበ። ፊቱ ላይ የነበረው ጭንቀት ሁሉ ለጥቂት ጊዜ ለቀቀው።

«ቤቱን ጋራዥ አስመሰልኩት» አለ።

አክስቴ አልገባቸውም። ለእኔ ግን ክፍሏ ውስጥ እናቴም የገባች መሰለኝ።

ቆይቶ «አምጪው» አለኝ። አውርጄ በሁለት እጄ ዘርግቼ ፊት ለፊቱ ያዝኩለት። የጣቶቹን ጀርባ ወደ ሰማዩ አስጠጋ። ድሮ እንደዚያ ቀስ ብሎ ያርፍ የነበረው እጅ ጉልበት አጥቶ ወደቀ፤ ሲያነሳው አራቱ ጣቶቹ በሰማያዊው ላይ ቁልጭ ብለው ቀርተዋል። አየውና «ገና ነው» አለ።

«ቀበሌ ሄደህ የፈረምክ አስመሰልከው እኮ» አልኩት።

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ሄደ፣ ሳሉ ግን አልጠናበትም። አክስቴም ሳቁ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ፤ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ።

መስኮቱ ከዚያ ወዲያ አልተዘጋም፤ እሱ ነው እንዳትነኩት ያለን። ጳጉሜን ሳያያት ሄደ። ጠዋት ነው፣ አክስቴ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል ሆነን፣ ትንፋሹ እየራቀ እየራቀ ሄዶ አንዴ ሳይመለስ ቀረ። ሽታው አፍጥኖበት ይሆን ብዬ ራሴን ጠይቄ አውቃለሁ። አክስቴ ግን እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ እኔም በዚያች አንድ ከሰዓት አልጸጸትም። የምናደደው በእነዚያ ሎሚ ሎሚ ስሸት በከረምኩባቸው ቀናት ነው። ናፍቆቱ ደግሞ ከንዴቱ ይብሳል።

ለለቅሶው ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ዝናቡ ሲበረታ ሰዉ ወደ ቤት ገብቶ እርስ በርሱ ተጠጋግቶ ተቀመጠ፤ መስታወቱ ወዲያው በትንፋሽ ተሸፈነ። አንዲት ጎረቤታችን ብርዱ ቆነጠጣቸውና መስኮቱን ሊዘጉ ተነሱ።

«ተዪው» አሉ አክስቴ ከተቀመጡበት። «እሱ ነው ያስከፈተው።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ደርበው ተቀመጡ።

ከሠልስት በኋላ ድንኳኑ ፈርሶ ሰዉ ሁሉ ሲሄድ፣ አክስቴ ወንበር የሚመልሱትን ልጆች ሊያስተባብሩ ወጡ። እኔ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ያን ቀን መልሼ የሰቀልኩት ሉክ ሲባጎው ላይ እንዳለ ነው፤ ከመስኮቱ በሚገባው አየር ትንሽ ትንሽ ይወዛወዛል። ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። ምንም የለውም። የጣቶቼን ጀርባ፣ እሱ እንደሚያደርገው ቀስ ብዬ፣ ሰማዩ ላይ አሳረፍኩ። ቀለሙ ደርቋል፤ አራት ጣቶቹም እዚያው ላይ አብረው ደርቀዋል።